የካንሰር ታካሚዎችን ሥነ ልቦና በሚያጠና የዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን ውስጥ እንዴት መግባት ይቻላል? ለሐረርና ለድሬዳዋ አመልካቾች የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ መመሪያ በሐረር ወይም በድሬዳዋ ለሚኖሩ፣ በሥነ ልቦና፣ በአእምሮ ጤና፣ በነርስነት፣ በሕክምና ወይም በኅብረተሰብ ጤና ለተመረቁ ወይም በመማር ላይ ላሉ፣ የካንሰር ታካሚዎችና የአስታማሚዎቻቸው ጭንቀትና ሐዘን በሚጠናበት የምርምር ቡድን ውስጥ ለመሥራት ለሚሹ ሰዎች የተጻፈ ነው። እኔ ራሴ ወደዚህ ሥራ የገባሁት በመረጃ ሰብሳቢነት ሲሆን፣ አሁን አዳዲስ መረጃ ሰብሳቢዎችን አሠለጥናለሁ። ከታች በቅደም ተከተል የተቀመጡት ደረጃዎች እኩል ክብደት የላቸውም። ማመልከቻ መጻፍ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው፤ ከታካሚ አልጋ አጠገብ መቀመጥ ግን ረጅም ልምምድ የሚጠይቅ በመሆኑ አብዛኛውን ቦታ የሰጠሁት ለእርሱ ነው።

ደረጃ 1፦ መስኩን ይወቁ

የካንሰር ሕክምናንና ሥነ ልቦናን የሚያገናኘው የጥናት መስክ ራሱን ችሎ ከቆመ ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። በዚህ መስክ ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው አሜሪካዊቷ የአእምሮ ሐኪም ዶክተር ጂሚ ሆላንድ ከእ.ኤ.አ. 1977 ጀምሮ በኒውዮርክ በሚገኘው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ካንሰር ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎትን መርተዋል፤ የመስኩ ዓለም አቀፍ ማኅበርም በ1984 ሲመሠረት ዋነኛ መሥራች ነበሩ። ከዚያ በፊት የታካሚው ስሜት ይቅርና የበሽታው ስም እንኳ በግልጽ አይነገርም ነበር። በ1961 በአሜሪካ ሐኪሞች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት 90 በመቶ ያህሉ ካንሰርን ለታካሚው አለመንገርን እንደሚመርጡ ሲያሳይ፣ በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ደግሞ 97 በመቶው መንገርን እንደሚመርጡ መልሰዋል። ይህን የማነሣው ለታሪክ ያህል አይደለም። እኛ ዛሬ በየተኝቶ ታካሚ ክፍሉ የምናየው «እንንገራቸው ወይስ ይቅር» የሚለው የቤተሰብ ክርክር የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ እንዳይወሰድ ነው፤ የሠለጠነ በሚባለው ዓለምም ልማዱ የተለወጠው በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ነው።

ደረጃ 2፦ ቡድኑን ፈልገው ያግኙ

በበሩ ላይ «የካንሰርና የሥነ ልቦና ምርምር ላብ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ክፍል እፈልጋለሁ ብለው ከተነሡ ብዙ ይንከራተታሉ። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ላብ ማለት ብዙ ጊዜ አንድ ዋና ተመራማሪ፣ ሁለት ሦስት መምህራን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለጥናቱ ጊዜ የተቀጠሩ መረጃ ሰብሳቢዎች ማለት ነው፤ ክፍል ከመሆኑ ይልቅ የሰዎች ስብስብ መሆኑ ይበልጣል። ሥራውም በአእምሮ ጤና፣ በነርስነት፣ በኅብረተሰብ ጤናና በሥነ ልቦና ትምህርት ክፍሎች መካከል ተበታትኖ ይገኛል።

በሐረር መነሻዎ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ነው። የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ሐረማያ ሲሆን የጤና ኮሌጁ ግን ሐረር ከተማ ውስጥ ነው፤ በኮሌጁ ሥር ያለው ሕይወት ፋና ሆስፒታልም ከምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የሚመጡ የካንሰር ታካሚዎችን ያክማል። በድሬዳዋ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና ድል ጮራ ሆስፒታል አሉ። የሁለቱ ከተሞች ርቀት ከ50 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ስለሆነ ድሬዳዋ እየኖሩ ሐረር መሥራት ይቻላል። ሆኖም የደንገጎን ዳገት በየማለዳው በሚኒባስ መውጣት ከጊዜውም ከገንዘቡም የሚወስድ በመሆኑ የትራንስፖርት አበል መኖር አለመኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ።

ቡድኑን ለማግኘት አመቺው መንገድ የታተሙ ጽሑፎችን መከታተል ነው። ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ የሆስፒታሉን ስም ከካንሰርና ከድባቴ ጋር አዳብለው ይፈልጉ፤ የጽሑፉ የመጀመሪያ ስም ባለቤት ብዙ ጊዜ ተማሪ፣ የመጨረሻው ስም ባለቤት ደግሞ አማካሪው ነው። ሊያነጋግሩ የሚገባው አማካሪውን ነው። ክፍያ የሚጠይቁ መጽሔቶች ቢያጋጥሙዎ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በሂናሪ (የዓለም ጤና ድርጅት የሕክምና መጽሔቶችን ለታዳጊ አገሮች በነፃ ወይም በርካሽ በሚያደርስበት ፕሮግራም) በኩል ያስነብብ እንደሆነ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ማመልከቻውን ያዘጋጁ

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ መልካም ነው። በመጀመሪያው አንቀጽ ከአማካሪው ጽሑፎች መካከል አንዱን በስሙ ጠቅሰው፣ በንባብዎ ያልተመለሰልዎትን አንድ ጥያቄ ይጻፉ። ለመደለል የሚጻፍ ምስጋና ወዲያው ይታወቃል፤ እውነተኛ ጥያቄ ግን መልስ ይስባል። በሁለተኛው አንቀጽ ምን መሥራት እንደሚችሉ በግልጽ ያስቀምጡ፦ ቃለ መጠይቅ፣ የድምፅ ቅጂን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ መረጃ ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት፣ በስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች (በኤስፒኤስኤስ ወይም በስታታ) መተንተን።

ከሁሉም በላይ ግን የሚናገሯቸውን ቋንቋዎች ይዘርዝሩ። ከሐረርጌ ገጠር የሚመጣው አብዛኛው ታካሚ የሚያወራው በኦሮምኛ ነው፤ ከሶማሌ ክልል የሚመጣው በሶማሊኛ፣ የጀጎል እናቶች ደግሞ ሆዳቸውን የሚከፍቱት በሐረሪኛ ነው። አማርኛ ብቻ የሚናገር ጥሩ ተመራቂ ከሚያነጋግራቸው ይልቅ የሚያመልጡት ታካሚዎች ይበዛሉ። እኔ ራሴ ከአንድ ከፍተኛ ውጤት ይልቅ አንድ ተጨማሪ ቋንቋ ያለውን አመልካች አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱንም ከታች ስለ አስተርጓሚ በጻፍኩት ላይ ያገኙታል።

ማመልከቻውን በኢሜይል ከላኩ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኙ በአካል ይሂዱ። በአገራችን ቢሮ አሠራር ኢሜይል ይረሳል፣ ሰው ግን አይረሳም። የትምህርት ማስረጃዎን ቅጂ፣ መታወቂያና ተማሪ ከሆኑ ከትምህርት ክፍልዎ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ ይያዙ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥርና ማኅተም ሳያገኝ ከቢሮው አይውጡ፤ ወደሚመለከተው ክፍል ከተመራ በኋላም እስከዚያ ክፍል ድረስ ተከታትለው ያድርሱት።

ደረጃ 4፦ የሥነ ምግባር ፈቃዱን ያንብቡ

ቡድኑ ከተቀበለዎት በኋላ ማንንም ታካሚ ከማነጋገርዎ በፊት የጥናቱን ዝርዝር የአሠራር ዕቅድ (ፕሮቶኮል) እና ከሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ የተሰጠውን የፈቃድ ደብዳቤ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ከታካሚው ፊት የሚቀመጡት እርስዎ ስለሆኑ ግዴታዎ ነው። በደብዳቤው ላይ ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ፦ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን፣ የተፈቀደውን የቃለ መጠይቅ ቋንቋና ቅጽ፣ እንዲሁም ማንበብ የማይችል ታካሚ ፈቃዱን የሚሰጥበትን መንገድ። የመጨረሻው ብዙውን ጊዜ ከጥናቱ ውጭ የሆነ ምስክር ባለበት በሚወሰድ የጣት አሻራ ይፈጸማል። የምርምር ሥነ ምግባርን የደነገገው የሄልሲንኪ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣ ጀምሮ የጸናው መርሕ ታካሚው በማንኛውም ጊዜ ከጥናቱ ሊወጣ መቻሉ ነው፤ በመውጣቱም ሕክምናው አይጓደልበትም። ይህን ለታካሚው ሲነግሩት ቅጹን አንብበው እንዲያልፉት አልመክርም፤ «አሁን አልፈልግም ቢሉኝ መድኃኒትዎ አንድም ቀን አይዘገይም» ብለው በሚገባው ቃል ይንገሩት።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃን በግዴለሽነት መያዝ በሕግም ያስጠይቃል። የታካሚ ስምና የካርድ ቁጥር ያለበት ዝርዝር ከመልስ ቅጾቹ ተለይቶ ይቆለፍበታል፤ በቴሌግራም ፎቶ አንሥቶ መላላክ ፈጽሞ አይገባም።

ደረጃ 5፦ መጠይቆቹን ከነጉድለታቸው ይማሩ

በዚህ መስክ ደጋግመው የሚያገኟቸው መጠይቆች ጥቂት ናቸው። ፒኤችኪው ዘጠኝ (PHQ-9) የሚባለው የድባቴ መጠይቅ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ተሰጥቶ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜም 10ና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ለድባቴ ምርመራ ይላካል። ነገር ግን ከዘጠኙ ውስጥ የእንቅልፍ፣ የድካምና የምግብ ፍላጎት ጥያቄዎች አሉ፤ ኬሞ የሚወስድ ሰው ደግሞ ልቡ ቢጸናም ይደክመዋል፣ ምግብ ይጠላል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውና በሆስፒታል ላሉ ሕሙማን የተዘጋጀው ሌላው የጭንቀትና የድባቴ መለኪያ፣ ሃድስ (HADS)፣ 14 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ አዘጋጆቹ ከአካል ሕመም ጋር የሚምታቱትን ምልክቶች ሆን ብለው አስቀርተዋቸዋል። ፒኤችኪው ዘጠኝ ያለ ፈቃድ በነፃ የሚሠራበት ሲሆን ሃድስ የፈቃድ ክፍያ ሊኖርበት ይችላል፤ ስለ ኑሮ ጥራት የሚጠይቀው ባለ 30 ጥያቄው የአውሮፓ የካንሰር ምርምር ድርጅት መጠይቅም ከድርጅቱ ፈቃድ ሳይጠየቅ አይሠራበትም።

ጾምንም አይርሱ። ፒኤችኪው የሚጠይቀው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው። በረመዳን ለሱሑር የሚነሣ ሰው ስለ እንቅልፉ፣ በዐቢይ ጾም የሚጾም ሰው ስለ ምግቡ የሚሰጠው መልስ ከሐዘኑ ጋር ላይገናኝ ይችላል። በቅጹ ዳር ላይ «በጾም ወቅት» ብለው ይጻፉ፤ በኋላ መረጃውን የሚተነትነው ሰው ያመሰግንዎታል።

ስለ ትርጉም ደግሞ አንድ ምሳሌ ላሳይ። ከሃድስ ጥያቄዎች አንዱ ከፍርሃት የተነሣ በሆድ ውስጥ ስለሚሰማ የመርበትበት ስሜት ይጠይቃል፤ በእንግሊዝኛው ሆድ ውስጥ ስለሚበሩ ቢራቢሮዎች ያወሳል። ቃል በቃል ቢተረጎም ታካሚው ስለ ወስፋት የተጠየቀ ይመስለዋል። እኛ ግን «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» የሚል የቆየ አነጋገር አለን፤ ይህን የሰማ ማንም ሰው ማብራሪያ አይፈልግም። በሌላ ጊዜ ደግሞ ከ0 እስከ 10 የተከፋፈለ የጭንቀት መለኪያ፣ በቴርሞሜትር ቅርጽ የተሣለ፣ ለአንድ አዛውንት ሳሳያቸው «ትኩሳቴን ነርሷ ጠዋት ለክታኛለች» ብለው መለሱልኝ። መሣሪያው በሥዕል ስለሆነ ይገባል ብለን ማሰባችን ስሕተት ነበር። ስለዚህ አንድ መጠይቅ ወደ ሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ፣ በሌላ ተርጓሚ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ተመልሶ፣ ሁለቱ ከተነጻጸሩ በኋላም ቢሆን በጥቂት ታካሚዎች ላይ ሳይሞከር ወደ ሥራ አይገባም። በሙከራው ላይ እንዲካፈሉ ፈቃደኛ መሆንዎን ይንገሯቸው፤ በቡድኑ ውስጥ ፈጥነው ለመታመን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ደረጃ 6፦ ታካሚው የሚያውቀውን አስቀድመው ይወቁ

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ ማንበብ የሚችል ሰው ቢኖር ይህን እንዲያነብ እመክራለሁ።

በመጀመሪያው ሥራዬ የግማሽ ቀን ሥልጠና ብቻ ተሰጥቶኝ ወደ ታካሚዎች ተላክሁ። አንዲት እናት ትራሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ከፔርሙስ ሻይ እየቀዳችላቸው ነበር። ሰላምታ ሰጥቼ ከቅጹ ላይ «የካንሰር ታካሚዎችን የሥነ ልቦና ሁኔታ…» ብዬ ማንበብ ስጀምር የልጅቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሻዩ ከሲኒው ሞልቶ ወደ ማስቀመጫው ፈሰሰ። እናትየው ወደ ልጃቸው ዞረው «ይቺ ልጅ ምን አለች?» አሉ። ለካ የተነገራቸው የማኅፀን ቁስለት እንደሆነ ነበር። ልጅቷ ወደ ኮሪደሩ አውጥታኝ «አንቺ ለወረቀትሽ ብለሽ እናቴን ገደልሽብኝ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

ባህላችን መርዶን ለአንድ ሰው ብቻውን አይነግርም። ሽማግሌዎችና ዘመድ ተሰብስበው፣ በማለዳ፣ ሰውየውን የሚደግፍ ክንድ በሁለት በኩል ቆሞ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ምርመራውን ከታማሚው የሚደብቅ ቤተሰብ የሚከተለው የኖረበትን ጥንቃቄ ነው፤ የተቀመጠ ወግ አፍርሶ በነጭ ወረቀት የሚያረዳ እንግዳ ሲመጣበት ቢቆጣ አይፈረድበትም። ይህ ማለት ግን መደበቁ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ብዙ ታካሚዎች ያውቃሉ፤ ጸጉራቸው ሲረግፍ፣ በአጠገባቸው የተኛው ሰው ተመሳሳይ ጠርሙስ ሲሰቀልለት ያያሉ። አንዳንዶቹም ልጆቻቸው እንዳይደነግጡ ብለው እነርሱ ራሳቸው የሚደብቁ ናቸው።

በተግባር የሚከተለውን ያድርጉ። ወደ አልጋው ከመሄድዎ በፊት የክፍሉን ነርስ «ይህ ታካሚ ምን ተነግሮታል?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያም ቅጹን ሳያወጡ ታካሚውን በዕድሜያቸው በሚገባው አክብሮት፣ እማማ ወይም አባባ፣ እትዬ ወይም ጋሼ ብለው፣ «እዚህ የሚታከሙት ለምን እንደሆነ በራስዎ አንደበት ቢነግሩኝ» ይበሉ። ታካሚው «ነቀርሳ» ካለ ነቀርሳ፣ «እብጠቱ» ካለ እብጠቱ፣ «ያ በሽታ» ካለም ያ በሽታ እያሉ ይቀጥሉ። እርሱ ያላነሣውን ስም እርስዎ አያንሡ። የበሽታውን ስም ፈጽሞ የማያውቅ ከሆነ ፕሮቶኮሉ የሚለውን ይፈጽሙ። አንዳንድ ጥናት እንዲህ ያለውን ታካሚ አያካትትም፤ እንዲያ ከሆነ ስንት ሰው በዚህ ምክንያት እንደቀረ በትክክል ይመዝግቡ። ያለዚያ የጥናቱ ውጤት የሚናገረው ስለሚያውቁት ብቻ ሆኖ ሳለ ስለ ሁሉም እንደተናገረ ይቆጠራል። ፕሮቶኮሉ ስለዚህ ጉዳይ ምንም የማይል ከሆነ ሥራውን አቁመው ለዋና ተመራማሪው ያሳውቁ።

አስታማሚን ለአስተርጓሚነት አይጠቀሙ። ልጅ ለእናቷ «መኖር ያስጠላዎታል?» የሚለውን ጥያቄ እንዳለ አትተረጉመውም፤ እናትም ለልጇ እውነቱን አትመልስም። መጨረሻ ላይ ቅጹ ይሞላል፣ ግን የሞላችው ልጅቷ ናት።

የፒኤችኪው ዘጠነኛ ጥያቄ ራስን ስለመጉዳትና ሞትን ስለመመኘት ነው። ታካሚው ከዜሮ ሌላ መልስ ከሰጠ ቃለ መጠይቁ እዚያው ላይ ይቆማል፤ ታካሚውን ብቻውን ሳይተዉ ነርስ ያስጠሩ፣ በዚያው ቀን የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያየው ያድርጉ። የሚጠራው ሰው ማን እንደሆነና ስልኩ ስንት እንደሆነ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መኖር አለበት። ይህ ያልተዘጋጀበት ቡድን ውስጥ መግባት የለብዎትም፤ ይህን የምለው አስቤበት ነው።

ሰዓትም ይምረጡ። ኬሞ የተሰቀለለት ታካሚ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ማውራት ሊችል ይችላል፣ ማቅለሽለሹ ሲጀምር ግን አይችልም። ዓርብ የጁምዓ ሰዓት ላይ ቀጠሮ አይያዝም። አስታማሚዎችን ለማነጋገር ደግሞ ከሰዓት በኋላ አይመችም፤ በከተሞቻችን ያ ሰዓት የበርጫ ጊዜ ነው፣ የተገኘው አስታማሚም ችኩል ይሆናል። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት፣ የሐኪሞች ጉብኝት እንዳለፈ፣ ከሁሉ ይሻላል።

ደረጃ 7፦ ስምዎንና ክፍያዎን አስቀድመው ይነጋገሩ

የመረጃ ሰብሳቢ ክፍያ በቅጽ ቁጥር ወይም በቀን ይታሰባል። በቅጽ ቁጥር ሲሆን መጣደፍን ስለሚጋብዝ እኔ የቀኑን እመርጣለሁ። በታተመው ጽሑፍ ላይ ስምዎ እንዲወጣ ከፈለጉ መረጃ መሰብሰብ ብቻውን እንደማይበቃ ይወቁ፤ በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች መመዘኛ መሠረት ጽሑፉን በመጻፍ ወይም በማረም መካፈል፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለይዘቱ ኃላፊነት መውሰድም ይጠይቃል። ይህን በመጀመሪያው ወር በግልጽ ያንሡት።

ደረጃ 8፦ የክትትል ጥሪ

ብዙ የኬሞ መድኃኒቶች በየ21 ቀኑ የሚሰጡ በመሆናቸው የክትትል ቃለ መጠይቅን ከዚሁ ቀጠሮ ጋር ማገጣጠም ይቻላል። የመጀመሪያውን ቃለ መጠይቅ ያደረገው ሰው ራሱ ቢቀጥል ይመረጣል። ታካሚው ከቀጠሮው ከቀረና ስልክ መደወል ግድ ከሆነ፣ ስልኩን ያነሣው ሌላ ሰው እንደሆነ ከየትኛው ክፍል እንደደወሉ አይናገሩ፤ ስምዎን ተናግረው ታካሚውን ብቻ ይጠይቁ። ማረፋቸው ከተነገረዎት መጠይቁን ይዝጉ። እንደ ቤተሰቡ እምነት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ወይም «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ይበሉ፤ እነርሱ ማውራት ከፈለጉ እስኪጨርሱ ያዳምጡ። ያረፉበትን ቀን ከነገሩዎት ይመዝግቡ፤ ካልነገሩዎት በዚያ ስልክ አይጠይቁ።